ሁለቱን ብልቃጥ ገልብጡ፦ የሱፐርማርኬት ቪታሚንን ከስመ ጥሩው ጋር ማወዳደሪያ መመሪያ

ደብረ ብርሃን ውስጥ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ለሚቆም ሰው ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። «እህቴ ከአሜሪካ ኪርክላንድ የሚባል ቪታሚን ላከችልኝ። ጎረቤቴ ግን ኦሪጅናሉ ሴንትረም ነው ትለኛለች። የቱ ይሻለኛል?» ከመንዝ የመጣውም፣ ከመርሐቤቴ የመጣውም፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የብራንዱ ስም ብቻ ይለያያል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘብ ይወጣበታል፣ ደግሞም ሰውነት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። መልሱ ግን ብልቃጡ ፊት ላይ በትልቁ ከተጻፈው ስም ላይ አይገኝም። ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈው ነው መልሱ። ያንን ማንበብ ከቻላችሁ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ስሞቹን እንለይ። የሱፐርማርኬት ብራንድ የምንለው ሱቁ በራሱ ስም የሚሸጠውን ነው። ኪርክላንድ ሲግኔቸር የኮስትኮ ነው። ኢኩዌት የዋልማርት፣ አፕ ኤንድ አፕ የታርጌት፣ ሜምበርስ ማርክ ደግሞ የሳምስ ክለብ ነው። በአብዛኛው ሌላ አምራች ያመርትላቸዋል፣ ሱቁ ስሙን ይለጥፍበታል። ስመ ጥሩ የሚባሉት እነ ሴንትረም፣ ኔቸር ሜድና ዋን ኤ ዴይ ናቸው። እነዚህ በማስታወቂያ የታወቁ ናቸው፤ የማስታወቂያውን ወጪ የሚከፍለው ደግሞ ገዢው ነው።

የእኔን አቋም ከአሁኑ ልንገራችሁ። ለተለመዱት ቪታሚኖችና ማዕድናት፣ መጠኑና ዓይነቱ እኩል ከሆነ፣ የጥራት ማረጋገጫ ካለውና አያያዙም ደህና ከሆነ፣ የሱፐርማርኬቱ ብራንድ ከስመ ጥሩው አያንስም። ብዙ ጊዜ ዋጋው ብቻ ነው የሚያንሰው። እነዚህን «ከሆነ»ዎች አንድ በአንድ ማጣራት ነው ሥራው።

ከማወዳደር በፊት፦ ለምንድን ነው የምትወስዱት?

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። «ይደክመኛል» ብሎ ቪታሚን የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ድካም ግን መቶ ምክንያት አለው። ሸዋ ሮቢትና ቆላው አካባቢ ወባ ሊሆን ይችላል። የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የአንጀት ጥገኛ ትል ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁሉ ሴንትረምም ኪርክላንድም አያድናቸውም።

የደም ማነስ ከጠረጠራችሁ ሄሞግሎቢን ተመርመሩ። እዚህ ላይ ለደጋ ሰው አንድ ልዩ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን ይሠራል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በከፍታ ለሚኖሩ ሰዎች የደም ማነስ መለኪያውን ከፍ ያደርገዋል። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት መለኪያው በዝቅተኛ ቦታ 12 ግራም በዴሲሊትር ነው፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ ከ1 ግራም በላይ ይጨመርበታል። ማለትም ውጤቷ 12.5 የሆነች የደብረ ብርሃን ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ልትመለስ ትችላለች፣ የደም ማነስ ግን ሊኖርባት ይችላል። ውጤታችሁን ስትቀበሉ «የከፍታው ታስቧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

ማን በእውነት ያስፈልገዋል? ነፍሰ ጡር እናት አይረንና ፎሊክ አሲድ ያስፈልጋታል። ይህን ደግሞ መንግሥት በነፃ ይሰጣል፤ ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ሂዱና ጠይቁ። 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ያለው ክኒን ነው። ይህን በእጃችሁ ይዛችሁ ውድ ብልቃጥ ፍለጋ አትድከሙ። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ፎሊክ አሲዱን ከእርግዝናው በፊት መጀመር አለባት። የሕፃኑ አንጎልና አከርካሪ የሚዘጋው በፅንሱ የመጀመሪያ 28 ቀናት ውስጥ ነው። ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አላወቀችም።

ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ይህ ማለት የሚጾም ሰው ሁሉ ያንሰዋል ማለት አይደለም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ያከማቻል፣ በፍስክ ወተትና ሥጋ የሚያገኝ ሰውም ይሞላዋል። ዓመቱን ሙሉ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የማይቀምስ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ወይም ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ያማክር።

ሕፃናትን በተመለከተ ብርዱ ስለሚያስፈራን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ቤት ውስጥ እናቆያቸዋለን። ቪታሚን ዲ ደግሞ ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ የሚሠራ ነው። ሕፃናቱ የሚያስፈልጋቸው እሱ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉት የሚሰጠው የቪታሚን ኤ ጠብታም በነፃ ነው፣ በዓመት ሁለቴ።

አንደኛ፦ ብልቃጦቹን ገልብጡ፣ ወረቀት አውጡ

ሁለቱን ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። ከጀርባው «ሰፕልመንት ፋክትስ» የሚል ሳጥን ታገኛላችሁ። ከላይ ያለው የመጀመሪያ መስመር «ሰርቪንግ ሳይዝ» ይላል። ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ጻፉ። በአንድ ጊዜ ስንት ፍሬ ይወሰዳል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንዱ «ቪታሚን ሲ 500» ይላል፣ በ1 ፍሬ። ሌላውም «500» ይላል፣ ግን በ2 ፍሬ። ፊት ላይ ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፣ ውስጡ ግማሽ ነው። እንደ ከረሜላ የሚታኘኩት ጋሚዎች በተለይ እንዲህ ናቸው፤ አብዛኞቹ በቀን ሁለት ይላሉ። ብዙዎቹ ጋሚዎች አይረን እንደሌላቸውም ልብ በሉ። «መልቲቪታሚን ነው» ስለተባለ አይረን አለው ብላችሁ አትገምቱ።

ብልቃጡ ላይ «ኮምፔር ቱ ሴንትረም» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ ሱቁ ራሱ «ከዚህ ጋር አወዳድሩኝ» ማለቱ ነው። እኩል ነው ብሎ ያረጋገጠለት የለም። ግን ከየትኛው ምርት ጋር እንደምታወዳድሩት ስለሚነግራችሁ ጥሩ መነሻ ነው።

ሁለተኛ፦ መለኪያውን አንድ አድርጉ

አንዱ በማይክሮግራም፣ ሌላው «አይ.ዩ.» በሚባል መለኪያ ከተጻፈ ቁጥሮቹን ቀጥታ ማወዳደር አይቻልም። ለቪታሚን ዲ ቀላል ነው፦ 1 ማይክሮግራም 40 አይ.ዩ. ነው። 25 ማይክሮግራም ያለውና 1,000 አይ.ዩ. ያለው አንድ ናቸው። «1,000 ከ25 ይበልጣል» ብሎ ብር የጨመረ ሰው ያለ ምክንያት ነው የጨመረው።

ለቪታሚን ኤ 1 ማይክሮግራም ሬቲኖል 3.33 አይ.ዩ. ነው። ፎሊክ አሲድ ላይ ደግሞ «680 ማይክሮግራም ዲ.ኤፍ.ኢ.» የሚል ታያላችሁ (ዲ.ኤፍ.ኢ. ሌላ የፎሌት መለኪያ ነው)፣ በቅንፍ ውስጥም «400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ»። ሐኪም «400 ውሰጂ» ሲል የቅንፉን ነው የሚለው። አሜሪካ የሠንጠረዡን አጻጻፍ የለወጠችው በቅርብ ዓመታት ስለሆነ፣ አሮጌ ብልቃጥና አዲስ ብልቃጥ ከአንድ ብራንድ እንኳ ቢሆኑ ሊለያዩ ይችላሉ።

ፐርሰንቱስ? ሁለቱም አሜሪካዊ ከሆኑ በፐርሰንት ማወዳደር ይቻላል። ግን መድኃኒት ቤቶቻችን ውስጥ ከአውሮፓም የሚመጣ አለ፣ የእነሱ መቶ ፐርሰንት ሌላ ነው። የአሜሪካው መቶ ፐርሰንት ቪታሚን ዲ 20 ማይክሮግራም ነው፤ የአውሮፓው 5 ብቻ። ሁለቱም «100» ይላሉ፣ አንዱ የሌላው አራት እጥፍ ነው። አይረንም የአሜሪካው 18 ሚሊግራም፣ የአውሮፓው 14 ነው። ስለዚህ ከሁለት አገር የመጡ ከሆነ ፐርሰንቱን እርሱት፤ ሚሊግራሙንና ማይክሮግራሙን ብቻ ጻፉ።

ሦስተኛ፦ ዓይነቱን ተመልከቱ

አንዲት እናት ሁለት የአይረን ብልቃጥ በፌስታል ይዘው መጡ። ሐኪም የደም ማነስ አለብሽ ላላት ልጃቸው ነው። አንዱ ከታወቀ ብራንድ ነው፣ ሌላው የሱፐርማርኬት። «ልጄ፣ ይኼኛው 325 ይላል፣ ይኼኛው 65። ትንሹን አምስት ጊዜ ብትውጠው ከትልቁ እኩል ይሆንላታል አይደል?» አሉኝ።

ሁለቱን ብልቃጥ ገልብጬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩላቸው። 325 የሚለው ላይ በደቃቁ «ፌረስ ሰልፌት 325 ሚሊግራም፣ 65 ሚሊግራም አይረን ያለው» ተብሏል። 65 የሚለውም ላይ 65 ሚሊግራም አይረን ነው። «እማማ፣ እኩል ናቸው። አንዱ ክብደቱን ከነማያያዣው ጻፈው፣ ሌላው አይረኑን ብቻ ጻፈ» አልኳቸው። ያን ክኒን አምስት አድርጋ ብትውጠው ኖሮ ሆዷን አሳምሟት ብቻ አይቀርም ነበር፤ የአይረን መመረዝ ቀላል ነገር አይደለም።

አይረን ሁልጊዜ ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ ነው የሚሸጠው። ፌረስ ሰልፌት ከሆነ በግምት አንድ አምስተኛው አይረን ነው። ፌረስ ፉማሬት ከሆነ አንድ ሦስተኛው። ፌረስ ግሉኮኔት ከሆነ 12 ፐርሰንት ገደማ ብቻ። ስለዚህ «300 ሚሊግራም» ከሚለው ቃል ይልቅ የትኛው ዓይነት እንደሆነና ንጹሁ አይረን ስንት እንደሆነ ፈልጉ። ካልሲየምም እንዲሁ ነው፦ ካርቦኔት ከሆነ 40 ፐርሰንቱ፣ ሲትሬት ከሆነ 21 ፐርሰንቱ ካልሲየም ነው። ካርቦኔቱ ርካሽ ነው፣ ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት። ሲትሬቱ ከምግብ ጋርም ያለምግብም ይሆናል።

ማግኒዥየም ኦክሳይድ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ይታያል፣ ሰውነት የሚወስደው ግን ጥቂት ነው። ቪታሚን ዲ ሲሆን ዲ3 የሚለውን ምረጡ። ቢ12 ላይ «ሜቲልኮባላሚን» የሚል በውድ ይሸጣል፤ ርካሹ «ሲያኖኮባላሚን» ለአብዛኛው ሰው በደንብ ይበቃል። እዚህ ላይ ብር ማባከን አልወድም።

አራተኛ፦ ማን አረጋገጠው?

ይህ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አሜሪካ ውስጥ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ቪታሚን እንደ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት የመንግሥት ፈቃድ አያገኝም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ፣ ኤፍ.ዲ.ኤ. የሚባለው፣ የአመራረት ደንብ አውጥቷል፣ ፋብሪካም ይፈትሻል፣ ጉዳት ሲታይ ከገበያ ያስወጣል። አስቀድሞ ግን እያንዳንዱን ብልቃጥ አልመረመረም። «የአሜሪካ ነው» ማለት ብቻውን ዋስትና አይደለም። ይህ ለስመ ጥሩውም ለሱፐርማርኬቱም እኩል ይሠራል።

ስለዚህ ማኅተም ፈልጉ። በጣም የታወቀው «ዩ.ኤስ.ፒ. ቬሪፋይድ» የሚለው ክብ ማኅተም ነው። ዩ.ኤስ.ፒ. በ1820 የተመሠረተ የመድኃኒት መመዘኛ አውጪ ድርጅት ነው። ማኅተሙን የሰጠው ምርት ውስጥ የተጻፈው ነገር በተጻፈው መጠን መኖሩን ይፈትሻል። እንደ እርሳስና ሜርኩሪ ያለ ብክለት ከገደብ አለማለፉንም፣ ክኒኑ ሆድ ውስጥ በጊዜው መሟሟቱንም ያያል። «ኤን.ኤስ.ኤፍ.» የሚለውም ጥሩ ማኅተም ነው።

የሚገርመውን ልንገራችሁ። ይህን ማኅተም ካገኙት መካከል የኪርክላንድ ብዙ ምርቶች አሉ። ኔቸር ሜድም ብዙ አለው። ማለትም ርካሽ የተባለው ብልቃጥ ማረጋገጫ ኖሮት፣ ውድ የሆነው ላይኖረው ይችላል። ግን ማኅተሙ ለብራንዱ አይደለም የሚሰጠው፣ ለዚያ ለአንዱ ምርት ነው። ቪታሚን ዲው ላይ ካያችሁት የዓሣ ዘይቱ ላይም አለ ማለት አይደለም። እያንዳንዱን ብልቃጥ እዩ።

ከቪታሚኑ ስም ቀጥሎ «ዩ.ኤስ.ፒ.» የሚሉት ፊደላት ብቻ ተጽፈው ብታዩ ማኅተሙ አይደለም። ያ የአምራቹ የራሱ ቃል ነው። «ዶክተሮች የሚመርጡት»፣ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ»፣ «ኤፍ.ዲ.ኤ. በመዘገበው ፋብሪካ የተሠራ» የሚሉትም ማረጋገጫ አይደሉም። ማንም ይጽፋቸዋል።

ከዕፅዋት የሚሠሩትን ከቪታሚን ጋር አትቀላቅሉ። በ2015 የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ አራት ትልልቅ ሱቆች በራሳቸው ብራንድ ከሚሸጧቸው የዕፅዋት ምርቶች በብዙዎቹ ውስጥ የተጻፈው ተክል አልተገኘም ብሎ ሽያጩን እንዲያቆሙ በደብዳቤ ጠይቋቸው ነበር። የተጠቀመው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ለተጨመቀ ምርት አይሆንም ብለው የተከራከሩ ሳይንቲስቶችም ነበሩ። ያም ሆነ ይህ፣ የቪታሚን ሲን መጠን መለካት ቀላል ሲሆን የአንድን ሥር ወይም ቅጠል ጭማቂ ማረጋገጥ ከባድ ነው። ጂንሰንግም ጂንኮም ቢመጣላችሁ፣ ብራንዱ የማንም ይሁን፣ እኔ አላበረታታም።

እዚሁ አገር ቤት የተገዛ ከሆነስ? የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው። ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ግዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ማሸጊያው የተነካካ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም የፊደል ስህተት ያለበት ከሆነ በ8482 ነፃ መስመር ደውላችሁ ጠቁሙ። እየዞረ የሚሸጥ ወይም ቴሌግራም ላይ ፎቶ እየለጠፈ «የአሜሪካ ኦሪጅናል» የሚላችሁን ሰው ግን ተዉት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ።

አምስተኛ፦ ሌላ ምን ተጨምሮበታል?

ከሠንጠረዡ ሥር «አዘር ኢንግሪዲየንትስ» የሚል አለ። ብዙ ለስላሳ እንክብሎችና ጋሚዎች ጄላቲን አላቸው። ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚሠራ ነው፣ ከየትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ለሙስሊም ወገኖቻችን ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ «ሐላል» የሚል ምልክት ወይም «ቬጂቴሪያን ካፕሱል» የሚል ፈልጉ። «ሃይፕሮሜሎስ» ከተጻፈ ሽፋኑ ከዕፅዋት ነው። በጾም ወቅት ስለሚወሰደው የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ዲ3 ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከበግ ፀጉር ከሚወጣ ቅባት ነው፣ ይህንንም ብታውቁት መልካም ነው።

ጋሚው ስኳር እንዳለው የስኳር ሕመምተኛ ልብ ይበል።

ስድስተኛ፦ ቀኑና አያያዙ

«ኢ.ኤክስ.ፒ. 09/2026» የሚል አይታችሁ «ገና ስምንት ዓመት አለው» አትበሉ። የፈረንጆቹ 2026 የእኛ 2018 ነው፤ 2019 የሚገባው እዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ፣ በመስከረማችን ነው። 09/2026 ማለት እስከ መስከረም 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ነው። ይህን ሳያውቁ ጊዜው ያለፈበትን ብልቃጥ «ገና ነው» ብለው ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። ብልቃጡ ላይ በብዕር የእኛን ቀን ጻፉበት። አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ እንደሚያስቀድሙም አስታውሱ፤ 04/07 ሚያዝያ ሊመስል ይችላል፣ ሐምሌም ሊመስል ይችላል። የአሜሪካ ዕቃ ከሆነ ያ የፈረንጆች አራተኛ ወር፣ ኤፕሪል 7 ነው።

ቀኑ የሚሠራው አያያዙ ደህና ከሆነ ብቻ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ለቪታሚን ይመቻል። ጣርማበርን አልፋችሁ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። በመኪና ጣሪያ ላይ ወይም በመስኮት ሥር የተጓዘ ለስላሳ እንክብል እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ጋሚው ይቀልጣል። የቪታሚን ሲ ክኒን ሲበላሽ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። የዓሣ ዘይት ሲበላሽ ይሸታል። እንዲህ ካያችሁ ብራንዱም ማኅተሙም አያድነውም፣ ጣሉት። ማድቤት ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይም አታስቀምጡት፤ እንፋሎት ይገባዋል።

ሰባተኛ፦ አሁን ዋጋውን አስሉ

ዋጋን እስከዚህ ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። መጠኑና ዓይነቱ እኩል ካልሆነ ዋጋ ማወዳደር ትርጉም የለውም። ሲወዳደርም የብልቃጡ ዋጋ ሳይሆን የአንድ ቀኑ ዋጋ ነው የሚታየው።

ለምሳሌ አንዱ ብልቃጥ 200 ፍሬ ኖሮት 2,400 ብር ቢሆን፣ በቀን 1 ከሆነ 12 ብር በቀን ነው። ሌላው 120 ጋሚ ኖሮት 1,800 ብር ቢሆን ርካሽ ይመስላል፤ በቀን 2 ስለሚወሰድ ግን 60 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፣ በቀን 30 ብር። 600 ብር የረከሰ የመሰለው ከሁለት እጥፍ በላይ ተወደደ ማለት ነው። ደግሞም 200 ፍሬውን የሚወስደው አንድ ሰው ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ይጨርሰዋል ወይ ብላችሁ አስቡ። ትልቅ ብልቃጥ ገዝቶ ግማሹን መጣል ትርፍ አይደለም።

ስምንተኛ፦ ከምትወስዱት ሌላ መድኃኒት ጋር

ሁለት ብልቃጥ በአንድ ላይ ከመውሰዳችሁ በፊት ደምሯቸው። መልቲቪታሚኑ ውስጥ ዲ አለ፣ ካልሲየሙ ውስጥ ዲ አለ፣ ለብቻውም ዲ ገዝታችኋል። ለአዋቂ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የቀን ጣሪያው ለቪታሚን ዲ 100 ማይክሮግራም፣ ማለትም 4,000 አይ.ዩ. ነው። ለአይረን 45 ሚሊግራም፤ ለደም ማነስ ሐኪም ከዚህ በላይ ሊያዝ ይችላል፣ ያ ሕክምና ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በሬቲኖል መልክ የሆነ ቪታሚን ኤ በቀን ከ10,000 አይ.ዩ. በላይ መውሰድ የለባትም፤ ፅንሱን ይጎዳል።

አይረንና ካልሲየም ሌላ መድኃኒት ይይዛሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ከእነሱ ጋር አብረው አይወሰዱም። የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው 4 ሰዓት ያራርቃቸው። ዶሉቴግራቪር የሚባለውን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሰው በባዶ ሆድ ከሆነ መድኃኒቱን ከአይረኑ ወይም ከካልሲየሙ 2 ሰዓት ቀድሞ፣ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይውሰደው። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቪታሚን ኬ ያለውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የታይሮይድና የልብ የደም ምርመራን ውጤት ያዛባል፤ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ። ቡናና ሻይ ደግሞ አይረን እንዳይገባ ይከለክላሉ። አይረኑን ከአቦል ጋር አትዋጡት፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቁት።

አሁን ስለ ሕፃናት ጠብታ፣ እባካችሁ በጥሞና አንብቡልኝ። የቪታሚን ዲ ጠብታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማንጠባጠቢያውን እስከ 1 ሚሊ ሊትር ሞልታችሁ ስትሰጡ 400 አይ.ዩ. የሚሆን ነው። ሌላው አንዲት ጠብታ ብቻዋን 400 አይ.ዩ. የሆነች ነው። ብልቃጦቹ ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያውን የለመደች እናት ብራንድ ስትለውጥ ሁለተኛውን እንደ ለመደችው ሞልታ ከሰጠች፣ ልጇ በአንድ ጊዜ ከሃያ ጠብታ በላይ ይወስዳል። ያ ከ8,000 አይ.ዩ. በላይ ነው። ኤፍ.ዲ.ኤ. በ2010 ስለዚሁ አስጠንቅቆ ነበር። ጠብታ በለወጣችሁ ቁጥር «በአንድ ጠብታ ነው ወይስ በአንድ ሚሊ?» ብላችሁ አረጋግጡ። ከሌላ ብልቃጥ የመጣ ማንጠባጠቢያም አትጠቀሙ።

የአዋቂ አይረን ደግሞ ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው። ጋሚውም ከረሜላ ይመስለዋል። ከፍ ያለ ቦታ ቆልፉበት። ልጅ ከዋጠ «ያስታውከው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ብልቃጡን ይዛችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ሩጡ።

ለላኪው ዘመድ የሚጻፍ መልእክት

ከውጭ የሚልኩልን ዘመዶች ሻንጣ እንዳይሞላ ብለው ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥተው በላስቲክ ከረጢት ይልካሉ። ሐሳባቸው ቀና ነው፣ ግን ስሙም መጠኑም ቀኑም ማኅተሙም አብሮ ይቀራል። ከላይ ያልነውን ሁሉ ማወዳደር አይቻልም። እንዲህ ያለውን አትጠቀሙት። ሲቀጥል ግን ምን እንደሚያስፈልጋችሁ ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉላቸው። ይህን ቀድታችሁ መጠኑንና ዓይነቱን እንደ ራሳችሁ መለወጥ ትችላላችሁ፦

«እህቴ፣ ሐኪም ያዘዘልኝ ቪታሚን ዲ3፣ 25 ማይክሮግራም ነው፣ ማለትም 1,000 አይ.ዩ.። በቀን አንድ ፍሬ የሚወሰደውን ግዢልኝ። ብራንዱ የኮስትኮም የዋልማርትም ቢሆን ግድ የለኝም፣ ግን ዩ.ኤስ.ፒ. ቬሪፋይድ የሚለው ክብ ማኅተም ይኑረው። ጄላቲን የሌለው ከተገኘ እሱን ምረጪልኝ። ቀኑ ቢያንስ አንድ ዓመት ተኩል የቀረው ይሁን። ጋሚ አይሁን። ከብልቃጡ አታውጪው፣ እንደታሸገ ላኪልኝ። ከመግዛትሽ በፊት የጀርባውን ፎቶ ላኪልኝና አየዋለሁ።»